የአርክቴክቸር ማስተርስ ሳይጀመር የንድፍ ሶፍትዌር መማር፦ በአንድ ቤት ላይ የአሥር ሳምንት ሥራ

የመግቢያ ደብዳቤው ደርሷችኋል፤ ትምህርቱ ሊጀመር ሦስት ወር ገደማ ቀርቷል። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ በሌላ ሙያ ይሆናል፤ ወይም ከተመረቃችሁ በኋላ ዓመታት በሌላ ሥራ አልፈዋል። ምን ልማር ብላችሁ ሰው ስትጠይቁ ራይኖ፣ ሬቪት፣ አውቶካድ፣ ስኬችአፕ፣ ፎቶሾፕ፣ ኢለስትሬተር፣ ኢንዲዛይን፣ ግራስሆፐር፣ ብሌንደር እያለ ይዘረዝርላችኋል። ይህን ሁሉ በሦስት ወር ልጨርስ ያለ ሰው ከእያንዳንዱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይቀራል።

እኔም ወደ አርክቴክቸር የገባሁት ከሌላ ትምህርት ነው። ከመግባቴ በፊት የነበረኝን ጊዜ በሙሉ ሬንደር፣ ማለትም ከሞዴሉ ፎቶ የሚመስል ምስል ማውጣት፣ በመማር ጨረስኩት፦ የሚያብረቀርቅ መስታወት፣ የማታ ብርሃን፣ ሣር። በመጀመሪያው ጁሪ፣ ማለትም ሥራችን በመምህራን ፊት በሚገመገምበት ቀን፣ ግን የተጠየቅሁት «ሴክሽኑ የት አለ?» ተብዬ ነው፤ ሕንፃውን ቆርጦ ውስጡን የሚያሳየው ሥዕል ማለት ነው። አልነበረኝም። ማታ ሞዴሉን ቆርጬ ሳየው ግድግዳዎቹ ውፍረት የላቸውም፣ ጣሪያውም ምንም ላይ አላረፈም። ያ ሦስት ወር ቢመለስልኝ እንዴት እንደምጠቀምበት ነው ከዚህ በታች የምጽፈው።

መንገዱ ይህ ነው። አንድ እውነተኛ ቤት ምረጡ፤ ከመጀመሪያው መስመር አንስታችሁ እስከ ታተመው ወረቀት ድረስ አድርሱት። ሶፍትዌሩ በየመንገዱ ሲያስፈልግ ተራውን ጠብቆ ይመጣል።

ከሁሉ በፊት ትምህርት ቤቱን ጠይቁ

ለትምህርት ክፍሉ አጭር ደብዳቤ ጻፉና አራት ነገር ጠይቁ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ስቱዲዮ (ዋናው የንድፍ ትምህርት) የሚሠራው በየትኛው ሶፍትዌር ነው? የሶፍትዌሩን ፈቃድ ትምህርት ቤቱ ይሰጣል ወይስ ተማሪው ይገዛል? ለላፕቶፕ የተወሰነ መስፈርት አለ? ከሴሚስተሩ በፊት የመግቢያ ኮርስ ይኖራል? ከተቻለ ደግሞ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጋችሁ ያንኑ ጠይቁት። ክፍሉ «ይመከራል» የሚለውና ተማሪው ሌሊት ላይ የሚሠራበት ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

መልሱ ሳይመጣ ላፕቶፕ አትግዙ። ሬቪት የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው፤ ራይኖ በማክም በዊንዶውስም ይሠራል። ይህን ሳያውቅ ማክ ገዝቶ በኋላ የሚቸገር ብዙ ነው። በጥቅሉ 16 ጊጋባይት ራም የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ነው፤ 32 ቢሆን እፎይ ያሰኛል። ራሱን የቻለ የግራፊክስ ካርድ ያለው ይሁን፤ ማከማቻው ኤስኤስዲ ይሁን። አሁን በእጃችሁ ያለው ደከም ያለ ኮምፒውተር ቢሆንም ለዚህ የአሥር ሳምንት ሥራ ይበቃልና አትጨነቁ።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ያስፈልጋችኋል፦ ሁለት ቁልፍና መሽከርከሪያ ያለው ማውስ። በላፕቶፕ ሰሌዳ ላይ በጣት እየዳሰሱ ሞዴል መሥራት እጅንም ትዕግሥትንም ይጨርሳል።

የትኛው ምን ይሠራል

ስሞቹ እንዳያደናግሯችሁ በየቤተሰባቸው ለዩዋቸው። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ መሳል የተጀመረው ኢቫን ሰዘርላንድ በ1963 ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ጥናቱ በሠራው ስኬችፓድ ነው። አውቶካድ በ1982 ሲወጣ ያንን ሐሳብ ወደ ተራ የግል ኮምፒውተር አመጣው። አሠራሩ እስከ ዛሬ የንድፍ ጠረጴዛውን ይመስላል፤ መስመር መስመር ነው፣ ግድግዳ መሆኑን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሬቪት ከዚህ ይለያል። እዚያ ግድግዳ ስታቆሙ ሶፍትዌሩ ግድግዳ መሆኑን ያውቃል፤ ከፍታውን፣ ከምን እንደተሠራ፣ የትኛው በር እንደተሰካበት ይመዘግባል። ፕላኑን (ሕንፃው ከላይ ሲታይ የሚሣለውን) ስትቀይሩ ሴክሽኑ አብሮ ይቀየራል። አርኪካድም የዚህ ቤተሰብ ነው። ለቢሮ ሥራ ግሩም ናቸው። ገና ቅርጹን ለሚፈልግ ተማሪ ግን ቶሎ ቶሎ ይጠይቃሉ፦ ይህ ግድግዳ ከምን ነው? ውፍረቱ ስንት ነው? መልሱን ሳታውቁ ሶፍትዌሩ በራሱ የመረጠላችሁን ትቀበላላችሁ፤ እኔ የምፈራው ይህንን ነው።

ስኬችአፕ በ2000 የወጣ ቀላል ሞዴል መሥሪያ ነው፤ በአንድ ቀን ይለመዳል። ራይኖ በ1998 ወጣ። ጥንካሬው ጠመዝማዛ መስመርን በትክክል መያዙ ነው። የዚህ ሒሳብ ሥር በፈረንሳይ የመኪና ፋብሪካዎች ውስጥ ነው፤ ፒየር ቤዚዬ በሬኖ፣ ፖል ደ ካስትልዦ በሲትሮዌን የመኪና አካል ለመንደፍ ያዳበሩት ነው። ራይኖ ስለምትሠሩት ነገር አይጠይቅም፤ መስመርም፣ ገጽም፣ ጠጣር አካልም በአንድ ፋይል ውስጥ ይይዛል፤ በትክክል ይለካል፤ ለሌዘር መቁረጫና ለሞዴል ማተሚያ ማሽንም በቀጥታ ያስተላልፋል። ግራስሆፐር የሚባለው በራይኖ ውስጥ የሚኖር መሣሪያ ነው፤ ትእዛዞችን በሳጥንና በሽቦ እያያያዛችሁ ቅርጹን በቁጥር ትመሩታላችሁ።

የቀሩት የወረቀት ሥራ መሣሪያዎች ናቸው። ፎቶሾፕ ለነጠብጣብ ምስል፣ ኢለስትሬተር ለመስመር፣ ኢንዲዛይን ለገጽ።

ትምህርት ቤታችሁ ሌላ ካላዘዘ ምርጫዬ ራይኖ፣ ኢለስትሬተርና ኢንዲዛይን፣ ከፎቶሾፕ ደግሞ ጥቂት ነው። የመስመርና የገጽ ሶፍትዌሮቹን መግዛት ካልቻላችሁ ኢንክስኬፕና ስክሪበስ በነጻ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ ዋናው አሠራሩን መያዝ ነው። ራይኖ ለ90 ቀን በነጻ በሙሉ አቅሙ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ፋይል ማስቀመጥ ይከለክላል። አሥር ሳምንት 70 ቀን ነው። ስለዚህ ሥራውን በምትጀምሩበት ቀን ጫኑት፤ ለማየት ብላችሁ ቀድማችሁ ጭናችሁ ቀኑን አታባክኑ።

ሳምንት 1፦ የምትተኙበትን ክፍል ለኩ

ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ ሜትር፣ እርሳስና ወረቀት ያዙ። የግድግዳውን ርዝመት፣ የበሩን ስፋት፣ ከወለሉ እስከ መስኮቱ ደፍ ያለውን ከፍታ፣ የጠረጴዛውንና የአልጋውን ልክ ውሰዱ። የግድግዳው ውፍረት በበሩ በኩል ይገኛል። በእጃችሁ አንድ ፕላንና አንድ ሴክሽን ሥሩና ልኬቱን ጻፉበት። ስክሪን ላይ 900 ሚሊ ሜትር ማለት ቁጥር ብቻ ነው፤ በየቀኑ የምታልፉበት በር 900 መሆኑን ስታውቁ ግን ቁጥሩ አካል ያገኛል። ይህን ልማድ በኋላ ማምጣት ይከብዳል፤ ስክሪኑ ሁሉንም ነገር በአንድ መጠን ነው የሚያሳየው።

አሁን ራይኖን ክፈቱና ከመጀመሪያው መስመር በፊት መለኪያውን ሚሊ ሜትር አድርጉ። ከዚያ የሚከተሉትን እጃችሁ እስኪለምድ ደጋግሙ። የቀኝ ቁልፉን ይዞ ማንቀሳቀስ በፐርስፔክቲቭ መስኮት ላይ ያዞራል፤ ከሺፍት ጋር ሲሆን ይጎትታል፤ መሽከርከሪያው ያቀርባል፣ ያርቃል። ኢንተርን መጫን የመጨረሻውን ትእዛዝ ይደግማል። ኤፍ8 መስመሩን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ኦስናፕ ጠቋሚውን ከመስመር ጫፍ ወይም መሐል ላይ ያጣብቀዋል፤ ይህ ሳይበራ የተሣለ ሥዕል በዓይን ልክ ቢመስልም ጫፎቹ አይገጥሙም፤ ያልገጠመው ክፍተት ከሦስት ሳምንት በኋላ ሞዴሉን ያበላሽባችኋል።

ትእዛዞቹን ከምስል ምልክቶቹ ላይ አትፈልጉ፤ ስማቸውን በኪቦርዱ ጻፉ። ላይን፣ ፖሊላይን፣ ኦፍሴት፣ ትሪም፣ ስፕሊት፣ ጆይን፣ ሙቭ፣ ኮፒ፣ ሮቴት፣ ሚረር፣ አሬይ። እነዚህ አሥራ አንዱ ለዚህ ሳምንት ይበቃሉ። በትንሽ ደብተር ላይ ስሙንና ያደረገላችሁን ነገር በራሳችሁ ቃል መዝግቡ። ክፍላችሁን ከእጅ ሥዕላችሁ ላይ እያያችሁ በራይኖ አስገቡት።

ሳምንት 2 እና 3፦ ቤቱን መምረጥና ፕላኑን መሣል

ለዚህ ሥራ የምመክረው አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮኸ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ በፎክስ ወንዝ ዳር የሠራው፣ በ1951 የተጠናቀቀው የፋርንስወርዝ ቤት ነው። ትንሽ ነው፤ ሁሉም ነገሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ልኬቶቹም የታወቁ ናቸው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በታሪካዊ ሕንፃዎች ስብስቡ ውስጥ የቤቱን የልኬት ሥዕሎች ለማንም ክፍት አድርጎ አስቀምጧል። ቀላል የሚመስል ቤት ስሕተትን አይደብቅም፤ የመረጥኩትም ለዚህ ነው።

ቤቱ በስምንት የብረት ዓምዶች ተይዞ ከመሬት 1.6 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። በእያንዳንዱ ረጅም ጎን አራት ዓምድ አለ፤ በዓምዶቹ መካከል 22 ጫማ፣ ማለትም 6.7 ሜትር ያህል ርቀት አለ። ጠቅላላ ርዝመቱ 77 ጫማ፣ ስፋቱ 28 ጫማ ነው። አሁን ሒሳቡን አስተውሉ፦ ሦስት ጊዜ 22 ሲደመር 66 ነው፤ የቀረው 11 ጫማ ለሁለት ተከፍሎ ወለሉ ከመጨረሻዎቹ ዓምዶች አልፎ በአየር ላይ ይንጠለጠላል። የወለሉ ትራቨርቲን ድንጋዮች እያንዳንዳቸው 2 ጫማ በ2 ጫማ ከ9 ኢንች ናቸው። ከዓምድ እስከ ዓምድ በትክክል ስምንት ድንጋይ ይገባል፤ በቤቱ ርዝመት 28፣ በስፋቱ 14። ይህን ከመጽሐፍ ብታነቡት ታልፉታላችሁ፤ አሬይ በሚለው ትእዛዝ ድንጋዩን ራሳችሁ ስትደረድሩና መጨረሻው ከወለሉ ጠርዝ ጋር ሲገጥም ግን ቤቱ እንዴት እንደታሰበ ይገባችኋል። ለዚህ ፋይል መለኪያውን ጫማና ኢንች አድርጉት፤ በሚሊ ሜትር ከቀየራችሁት ይህ ውበት በነጥብ ቁጥሮች ውስጥ ይጠፋል።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ሌየሮቹን፣ ማለትም ሥዕሉ በየዓይነቱ ተለይቶ የሚቀመጥባቸውን ንብርብሮች፣ ፍጠሩ፦ ግሪድ (የዓምዶቹን ቦታ የሚወስነው የመስመር መረብ)፣ ዓምድ፣ ወለል፣ መስታወት፣ የእንጨት ግድግዳ፣ ዕቃ፣ መሬት። ከዚያ ግሪዱን ሥሩ፤ አንዱን ማዕዘን ዜሮ ነጥብ ላይ አሳርፉ። ከዜሮ በጣም ርቆ የተሣለ ነገር በራይኖ ውስጥ ሲታይም ሲቆረጥም ይረበሻል። ቀጥሎ ዓምዶቹ፣ የወለሉ ጠርዝ፣ መስታወቱ፣ በመሐል ያለው መታጠቢያ ቤትና ወጥ ቤት የተያያዘበት የእንጨት እምብርት፣ በመጨረሻ ዝቅ ብሎ ያለው በረንዳና ደረጃዎቹ።

ፕላኑን ሦስት ጊዜ ከባዶ ሥሩት። ሲጨርሱት መሰረዝ ያሳዝናል፤ ቢሆንም አድርጉት። የመጀመሪያው ብዙ ማታ ይወስዳል፣ ሁለተኛው አንድ ማታ፣ ሦስተኛው ሲደርስ እጃችሁ ትእዛዙን እናንተ ሳታስቡት ይጽፋል። በስቱዲዮ ከእንቅልፍ ጋር እየታገላችሁ የምትሠሩበት ሌሊት ላይ የሚያድናችሁ ይህ ልምድ ነው።

ሳምንት 4 እና 5፦ ሞዴሉ

አሁን ፕላኑ ይነሣል። ኤክስትሩድ ዋናው ትእዛዛችሁ ነው፤ ግን ከማንሣታችሁ በፊት እያንዳንዱ ቅርጽ የተዘጋ መሆኑን አረጋግጡ። የተዘጋ መስመር «ሶሊድ» የሚለው ምርጫ በርቶ ሲነሣ ጠጣር አካል ይሆናል፤ ክፍት መስመር ሲነሣ ውፍረት የሌለው ገጽ ብቻ ይሰጣል። በስክሪኑ ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱ የሚገለጠው ስትቆርጡት፣ አንዱን ከሌላው ስትቀንሱት ወይም ለሞዴል ማተሚያ ስትልኩት ነው። ሾው ኤጅስ የሚለው ትእዛዝ ያልተዘጋውን ጠርዝ በቀለም ያሳያችኋል፤ በየቀኑ ሥራ ስትጨርሱ አንድ ጊዜ አሂዱት።

ዓምዱን አንዴ ሠርታችሁ ብሎክ አድርጉት፤ ሰባቱ ቅጂዎች ናቸው። አንዱን ስታስተካክሉ ሁሉም ይስተካከላሉ። ዓምዱ 8 ኢንች ያህል የሆነ የኤች ቅርጽ ብረት ነው፤ ደረቅ ሳጥን አድርጋችሁ አትለፉት። ዓምዱ ከወለሉ ሥር አይቆምም፤ ከወለሉና ከጣሪያው ጠርዝ ብረት ጋር ከውጭ በኩል ተጣብቆ ነው የሚያልፈው። ብየዳው ተሞርዶ ስለጠፋ ጣሪያውና ወለሉ በማግኔት የተያዙ ይመስላሉ። ይህን መገጣጠሚያ በሞዴላችሁ ውስጥ በትክክል ሥሩት፤ ከሁለቱ ሳምንት አንድ ሙሉ ማታ ቢወስድም ይገባዋል። መስታወቱ ከዓምዱ በስተኋላ መሆኑን የምታዩት እዚህ ላይ ነው።

መሬቱን አትርሱ። ቤቱ ከፍ ብሎ የቆመው ወንዙ ስለሚሞላ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ውኃው ከአንድ ጊዜ በላይ ገብቶበታል፤ በ1996 የመጣው ጎርፍ መስታወቱን ሰብሯል። መሬቱና ወንዙ የሌሉበት ሞዴል ያ 1.6 ሜትር ለምን እንዳስፈለገ አይናገርም።

ሳምንት 6 እና 7፦ ሴክሽን

ከአሥሩ ሳምንት የትኛውንም ብታሳጥሩ ይህን ክፍል አታሳጥሩት።

ክሊፒንግ ፕሌን የሚለው ትእዛዝ ሞዴሉን በምናባዊ ሰሌዳ ይቆርጣል። አንዱን ከወለሉ 1.2 ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ አግድም አስቀምጡ፤ ፕላኑን ያገኛችሁት በመቁረጥ መሆኑን ታያላችሁ። ሌላውን በቤቱ ስፋት አቅጣጫ አቁሙት፤ ሴክሽን ነው። ቦታውን እያንቀሳቀሳችሁ ተመልከቱ። በሁለት ዓምዶች መካከል ሲቆርጥና በእምብርቱ ላይ ሲቆርጥ የሚናገረው ይለያያል። የት እንደምትቆርጡ መምረጥ የእናንተ ፍርድ ነው፤ ጁሪ ላይ የምትጠየቁትም ይህንኑ ነው።

ቦታውን ስትወስኑ ሜክ ቱዲ የሚለውን ትእዛዝ አሂዱ። የተቆረጠውን፣ ከቆረጣው ወዲያ የሚታየውንና የተደበቀውን በየሌየሩ ለይቶ ጠፍጣፋ ሥዕል ይሰጣችኋል። ከዚያ ወደ ኢለስትሬተር ላኩት። እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ምርጫ አለች፦ ፋይሉን ስታስቀምጡ ራይኖ «አሁን ያለውን እይታ» ወይም «የሞዴሉን ስኬል ጠብቅ» ብሎ ይጠይቃል። እኔ መጀመሪያውን መርጬ ሥዕሉን ወረቀቱ ላይ በዓይን አስተካክዬ «1:50» ብዬ ጻፍኩበት፤ በወረቀቱ 1 ሳንቲ ሜትር በቤቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። ከጁሪው አባላት አንዷ የስኬል ማስመሪያዋን አወጣችና አስቀመጠችበት፤ በሩ ላይ ዝም ብላ ለካች። ከዚያ በኋላ ስለ ሐሳቤ የተናገርኩት ሁሉ የሚያምነው አጣ። ሁልጊዜ ሁለተኛውን ምረጡ፤ ከዚያም አንድ የታወቀ ልኬት በኢለስትሬተር ውስጥ ለክታችሁ አረጋግጡ።

ስኬሉን ራሱ በሒሳብ ምረጡ። ቤቱ 23.5 ሜትር ያህል ይረዝማል። በ1:50 ወረቀት ላይ 47 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ኤ3 ወረቀት 42 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አይበቃውም፣ ኤ1 ግን በ84.1 ሳንቲ ሜትሩ ይሸከመዋል። በ1:100 ደግሞ 23.5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ኤ3 ላይ ይቀመጣል። ስኬል የመጠን ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቤቱ መስታወት ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በ1:50 ወረቀቱ ላይ 0.12 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ቀጭን መስመር ነው። በ1:5 ሲሣል ግን 1.2 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ሁለት መስመር ሆኖ ውፍረቱ፣ መያዣ ብረቱም ይታያል። ምን እንደሚሣልና ምን እንደሚቀር የሚወስነው ስኬሉ ነው።

አሁን ወደ መስመር ውፍረት። በቴክኒክ ሥዕል የተለመዱት ውፍረቶች 0.13፣ 0.18፣ 0.25፣ 0.35፣ 0.5 እና 0.7 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ እያንዳንዱ ከቀደመው በ1.4 እጥፍ ይወፍራል፤ ዓይን በቀላሉ የሚለየው ልዩነት ነው። የተቆረጠውን ነገር ሁሉ 0.5 አድርጉ፤ መሬቱን 0.7። ከቆረጣው ወዲያ ቅርብ ያለው 0.25፣ የራቀው 0.18፣ የወለሉ ድንጋይ መገጣጠሚያ 0.13 ይሁን። ኢለስትሬተር መጀመሪያ የሚቆጥረው በነጥብ ነው፤ አንድ ነጥብ 0.35 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በቅንብሩ ውስጥ የመስመሩን መለኪያ ወደ ሚሊ ሜትር ቀይሩት። ሁሉም መስመር እኩል የሆነበት ሴክሽን ሁሉም ሰው በአንድ ድምፅ የሚናገርበት ጉባኤ ነው፤ ማን ምን እንዳለ አይለይም።

በየሁለት ቀኑ አትሙ፤ በተራ ጥቁርና ነጭ ማተሚያ ቢሆንም። ስክሪን ላይ 0.13 እና 0.25 አንድ ይመስላሉ። ወረቀት ላይ አይዋሹም። የታተመውን በቀይ እርሳስ አርሙና ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሱ።

ሳምንት 8፦ ገጹ

ኢንዲዛይን ውስጥ አንድ ኤ1 ገጽ ክፈቱ፤ 594 በ841 ሚሊ ሜትር። ፕላኑን፣ ሁለት ሴክሽን፣ አንድ ኤሌቬሽን (የቤቱን የውጭ ፊት ሥዕል) እና አንድ የመገጣጠሚያ ዝርዝር አሰናዱበት። ኢንዲዛይን ሥዕሉን በውስጡ አያስቀምጥም፣ ፋይሉ ያለበትን መንገድ ነው የሚይዘው። ስለዚህ በኢለስትሬተር ያረማችሁት ሴክሽን ገጹ ላይ በአንድ ጠቅታ ይታደሳል፤ ፎልደሩን ካንቀሳቀሳችሁ ግን ሥዕሉ ይጠፋል። ለሌላ ኮምፒውተር ስትወስዱት የተያያዙትን ፋይሎች ሁሉ በአንድ ላይ የሚሰበስበውን ፓኬጅ የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ።

ምስል ካለ ጥራቱን አስቀድማችሁ አስሉ። ኤ1ን ሙሉ የሚሸፍን ምስል በኢንች 300 ነጠብጣብ እንዲኖረው 7016 በ9933 ነጠብጣብ ያስፈልገዋል፤ ይህ ደካማ ኮምፒውተርን ያንገዳግዳል። ከአንድ ሜትር ርቀት ለሚታይ የግድግዳ ወረቀት 150 ይበቃል። በስክሪን ላይ የደመቀ ቀለም በማተሚያ ደብዝዞና ጠቁሮ ስለሚወጣ ከሙሉው በፊት ትንሽ ቁራጭ አስሞክሩ።

ባዶ ቦታ አትፍሩ። ጀማሪ ገጹን ሲሞላ ሥራ የበዛ ይመስለዋል።

ሳምንት 9፦ ጠመዝማዛውና ግራስሆፐር

ፋርንስወርዝ ቀጥ ያለ ስለሆነ አንድ ሳምንት ለክብ ነገር ስጡ። የሲድኒ ኦፔራ ሃውስን ጣሪያዎች ውሰዱ። የሕንፃው አርክቴክት ዮርን ኡትዞን በ1961 ያገኘው መፍትሔ ሁሉም ቅርፊቶች ከአንድ ሉል ገጽ ላይ የተቆረጡ እንዲሆኑ ማድረግ ነበር፤ የሉሉ ራዲየስ 75 ሜትር ያህል ነው። በራይኖ 75 ሜትር ራዲየስ ያለው ሉል ሥሩ፤ በገጾች እየቆረጣችሁ ሦስት ማዕዘን ቅርፊቶች አውጡና በሚረር አጋጥሟቸው። አስቸጋሪ የመሰለው ጣሪያ በስፕሊት ትእዛዝ ሲወጣ ስታዩ፣ ለምን ለግንበኞቹ መገላገያ እንደሆነ ትረዳላችሁ፦ አንድ ዓይነት ጥምዝ ከሆነ ቁርጥራጮቹን በአንድ ዓይነት ሻጋታ ደጋግሞ መሥራት ይቻላል። ከዚህ በኋላ ከመስመሮች ጠመዝማዛ ገጽ የሚያወጡትን ሎፍትንና ስዊፕን በአንድ ሁለት ማታ ሞክሩ።

ግራስሆፐርን ሁለት ማታ ብቻ። አንድ መስመር ስጡት፣ በእኩል ርቀት እንዲከፋፍለው አድርጉ፣ በየነጥቡ አንድ ቀጭን ሰሌዳ አቁሙ፣ የሰሌዳዎቹን ማዕዘን በተንሸራታች ቁጥር አዙሩ። የጥላ መከላከያ ሠራችሁ ማለት ነው። ሐሳቡ ከገባችሁ በቂ ነው፤ ቀሪውን በትምህርት ቤት ከአንድ እውነተኛ ጥያቄ ጋር ስትጋጠሙ ትማሩታላችሁ።

ለኋላ የሚቆይ

ሬንደርን ተዉት። ሞዴሉ ላይ አንድ ፀሐይና አንድ ነጭ ቀለም ሰጥታችሁ ጥላው የት እንደሚወድቅ ማየት ይበቃችኋል። ሬቪትንም፣ ትምህርት ቤቱ በመጀመሪያው ሴሚስተር ካልጠየቀው፣ ለቢሮ ልምምድ ጊዜ አቆዩት፤ ለተማሪ በነጻ ስለሚሰጥ የትም አይሄድም።

ስለ ቪዲዮ ትምህርት

አብዛኛውን ትእዛዝ የምትማሩት ከቪዲዮ ነው። አደጋው ቪዲዮውን እያዩ እያቆሙ መከተል ነው፤ እጅ ይሠራል፣ ጭንቅላት ግን አይኖርበትም። አንዱን ክፍል እስከ መጨረሻው እዩት፣ ዝጉት፣ ከዚያ በራሳችሁ ሞክሩ። ሲጠፋባችሁ የጠፋውን ነገር ብቻ ተመልሳችሁ እዩ። ለግማሽ ሰዓት ከታገላችሁ በኋላ ሰው ጠይቁ፤ ስትጠይቁም ምን ለማድረግ እንደፈለጋችሁ፣ የትኛውን ትእዛዝ እንደሰጣችሁና ራይኖ ምን ብሎ እንደመለሰ በቅደም ተከተል ጻፉ። ብዙ ጊዜ መልሱ ጥያቄውን ስትጽፉ ይገኛል።

የፋይል ሥርዓትም ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር። በየቀኑ በአዲስ ቁጥር አስቀምጡ፤ የፋይሉ ስም ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ የሥራው ስም ይሁን፤ እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ በራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድረዋል። ሥራው በሦስት ቦታ ይኑር፦ በላፕቶፑ፣ በውጭ ዲስክ፣ በኢንተርኔት ማከማቻ። በስቱዲዮ ጓደኛዬ የሴሚስተር ሥራዋን ያጣችው ከማስረከቢያው በፊት በነበረው ሌሊት ነበር፤ አብረን እስኪነጋ ከእጅ ሥዕሎቿ ላይ መልሰን ሠራነው። የእጅ ሥዕሎቹ ባይኖሩ ምንም አይተርፍም ነበር።

ሳምንት 10፦ እንደገና በአንድ ቀን

ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ፋይል ክፈቱ። ቪዲዮም ደብተርም ሳታዩ ያንኑ ቤት ከግሪዱ እስከ ታተመው ኤ3 ወረቀት በ1:100 በአንድ ቀን አድርሱት። የተጣበቃችሁበትን ቦታ ሁሉ በወረቀት ላይ መዝግቡ፤ በቀሩት ቀናት የምትለማመዱት እርሱን ብቻ ነው።

ከዚያ የራሳችሁን መነሻ ፋይል አሰናዱ። በራይኖ መለኪያውና ሌየሮቹ የተሰናዱበት፣ በኢለስትሬተር አምስቱ የመስመር ውፍረቶች የተቀመጡበት፣ በኢንዲዛይን የኤ1 ገጹ ህዳግና የጽሑፍ መጠን የተወሰነበት። ስቱዲዮ የመጀመሪያ ቀን ስትሄዱ በቦርሳችሁ ውስጥ እነዚህ ሦስት ፋይሎች ያሉበት ዲስክ፣ ማውሱ፣ የትእዛዝ ደብተሩ፣ ሜትሩ፣ የስኬል ማስመሪያውና የቅዳሜው ወረቀት ይኑሩ። ወረቀቱን ጠረጴዛችሁ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጥፉት።